የእማዋይሽ አገጭ አርባ

የዋርካው ሥር ዕድር የእማዋይሽን አገጭ የቀበረው ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። እማዋይሽ ራሷ ከሆስፒታል የወጣችው ሐሙስ ነው።

ቀብሩ ደንበኛ ቀብር ነበር። ጥሩምባ ነፊው ዋሴ በማለዳ ተነሥቶ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ድልድዩ እየነፋ፣ «የወይዘሮ አበቡ ልጅ የእማዋይሽ አገጭ ዐርፏል፤ ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው» ሲል ለፈፈ። ሰዉ ሥራውን ጥሎ ወጣ። ድንኳን ተተከለ፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ከዕድሩ ዕቃ ቤት መጡ፤ ንፍሮ ተቀቀለ። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ አሳምነው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች ብልቃጥ በሁለት እጃቸው ይዘው ከፊት ከፊት ሄዱ። ብልቃጧ ውስጥ የነበሩት ሦስት የአጥንት ስንጣቂዎች ናቸው። ትልቁ ባቄላ ያህላል።

እማዋይሽ የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። ሥራዋ በከተማው መናኸሪያ በድምፅ ማጉያ የአውቶቡሶችን መነሻ ሰዓት መናገር ነው። የታችኛው መንጋጋዋ ከላይኛው ሰባት ሚሊ ሜትር ቀድሞ ስለሚወጣ የፊት ጥርሶቿ ተገናኝተው አያውቁም። «ስ» ስትል ታፏጫለች፤ ወደ መርሳ የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ ፉጨቷን ያውቀዋል። ዳቦ መግመጥ አትችልም፤ በጣቷ እየቆረሰች ወደ ጉንጯ ጥግ ታስገባለች። ሠርግ ቤት ጥሬ ሥጋ ሲዞር «ጾም ነኝ» ትላለች፤ በፋሲካ ማግስት እንኳ ጾም ናት። ተኝታ ደግሞ ታንኮራፋለች። ማንኮራፋቷ ድንገት ቀጥ ይላል፤ ትንፋሿም አብሮ። ያን ጊዜ እናቷ አበቡ ከጎን ካለው አልጋ ተነሥታ ትከሻዋን ይዛ ትነቀንቃታለች። ይህ በየሌሊቱ አራት አምስት ጊዜ ነበር። እናትና ልጅ በአንድ ክፍል ሃያ ዓመት እንዲህ ሲተኙ ኖረዋል፤ አበቡ ልጇ በሕይወት መኖሯን የምታውቀው በማንኮራፋቷ ነው።

አገጩ ግን የእማዋይሽ ብቻ አልነበረም። የአያቷ የባሻ ጓንጉል አገጭ ነው። ባሻ ጓንጉል ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በፎቶግራፍ ተሰቅለው፣ አገጫቸውን ወደ በሩ ቀስረው ገቢ ወጪውን ይመለከታሉ። አገጩ ከእሳቸው ወደ ልጃቸው፣ ከልጃቸው ወደ እማዋይሽ ወረደ። አባቷ ከሞተ ወዲህ በከተማው የቀረው የእሷ አገጭ ብቻ ነበር። የአባቷ ታናሽ ወንድም ጋሽ አሳምነው እናታቸውን ስለሚመስሉ አገጭ አልደረሳቸውም፤ ይህም ሲያንገበግባቸው ኖሯል። «መሬታችን በአዋጅ ሄደ፤ አገጫችን ግን ይኸው!» ይሉ ነበር፣ በእንግዳ ፊት ወደ እማዋይሽ እየጠቆሙ። እማዋይሽ በዚያ ሰዓት ሻይዋን ሳታፈስ የምትጠጣበትን ዘዴ እየፈለገች ነው።

ዶክተር ወይንሸት የምትባል የመንጋጋ ሐኪም መርምራት፣ «መልክሽም፣ ትንፋሽሽም፣ ንክሻሽም ይስተካከላል» አለቻት። እማዋይሽ ለሰው ስትናገር ትንፋሹን ብቻ ታነሣለች፤ በልቧ ግን መልኩን አስቀድማዋለች። ይህም ኃጢአት አይደለም። ዓመት ከመንፈቅ ጥርሷ ላይ ሽቦ ታስሮ ቆየ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ታችኛው መንጋጋዋ በስተግራም በስተቀኝም ተሰንጥቆ ወደ ኋላ ተሳበ፤ ላይኛው ትንሽ ወደ ፊት መጣ፤ አገጯ ከሥር ተከረከመ፤ ሁሉም በትናንሽ ብረትና ብሎን ተጣበቀ። ላይና ታች ጥርሶቿ በላስቲክ ታሰሩ። ለስድስት ሳምንት አፏ አይከፈትም፤ ምግቧ በስትሮ ነው።

ሰኞ ዕለት ጋሽ አሳምነው ሊጠይቋት መጡ። ተኝታ ነበር። ትንሽ ቆመው አዩአትና ነርሷን ጠሩ።

«የተቆረጠው የት ነው?»

«ይቃጠላል፣ አባባ።»

«የሰው አካል አይቃጠልም። አይጣልም። የሰው አካል ይቀበራል።»

በዚህ እንኳ እውነታቸውን ነው። የሰፈሩን ባለወፍጮ እጁን ማሽን የበላው ጊዜ፣ እጁ በነጠላ ተጠቅልሎ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀብሯል። ነርሷ አስፈርማ ብልቃጧን ሰጠቻቸው። እሳቸውም በቀጥታ ወደ ዕድሩ ጽሕፈት ቤት ሄደው ኮሚቴውን ሰበሰቡ። ለባለወፍጮው እጅ ድንኳን እንዳልተተከለ ያስታወሰ ሰው ነበር። ጋሽ አሳምነው፣ ያ እጅ የማንም እጅ እንደነበረ፣ ይህ ግን የባሻ ጓንጉል አገጭ እንደሆነ አስረዱ። ጸሐፊው የመተዳደሪያ ደንቡን ገለጠ። አንቀጽ አሥራ አንድ፣ ከአባል ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖር ቤተሰብ ሲሞት ዕድሩ ሙሉ ሥርዓት ይፈጽማል ይላል።

«አገጩ ከማን ጋር ነበር የሚኖረው?» ሲል ጸሐፊው ጠየቀ።

«ከእማዋይሽ ጋር።»

«ስንት ዓመት?»

«ሠላሳ አንድ።»

«ይበቃል» አለና መዝገቡ ላይ አሰፈረው።

ሐሙስ ታክሲው እማዋይሽን በሯ ላይ ሲያወርዳት ድንኳኑ ገና አልተነሣም። ፊቷ አብጦ ድቡልቡል ብሏል። ጎረቤቶች እየተነሡ አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ፤ እሷ በሕመም ዐይኗ እንባ ሲያቀርር «አይዞሽ፣ እግዜር ያጥናሽ» እያሉ ባሱባት። መጀመሪያ ያሰበችው እናቴ ሞተች ብላ ነው። ከዚያ ግን አበቡን አየቻት፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከድንኳኑ መሐል ተቀምጣለች። እማዋይሽ በአፍንጫዋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ትንፋሹ ድምፅ አልነበረውም። ከቦርሳዋ ደብተር አውጥታ «ማን ነው የሞተው?» ብላ ጻፈችና ለጋሽ አሳምነው አሳየቻቸው።

«አገጭሽ ነዋ» አሉ። «ማክሰኞ ቀበርነው። እንዴት ያለ ሰው ወጣለት መሰለሽ!»

«አልሞተም። አስተካከልኩት እንጂ።»

«እኛም የምናለቅሰው ለዚሁ ነው» አሉና መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን ጠረጉ።

እማዋይሽ ተናደደች። ከአንጀቷ ተናደደች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን አገጭ ተሸክማ ስትኖር አንድ ሰው «እግዜር ያጥናሽ» ብሏት አያውቅም። የክፍል ልጆች በጠመኔ ሲሥሏት አንድ ሰው አላለቀሰም። ይህን ሁሉ መናገር ነበረባት፤ መናገር ግን አይቻላትም። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። ይህን ተረት ያወጣው አፉ በላስቲክ ታስሮ በራሱ ለቅሶ ላይ ያልተቀመጠ ሰው ነው። አንዲት ጎረቤት መጥታ መዳፏን ገልጣ ንፍሮ ዘገነችላት። እማዋይሽ ንፍሮውን ይዛ እናቷ ዘንድ ሄደች።

«መጣሽ፣ ልጄ?» አለች አበቡ። ፊቷን ቀና ብላ አየች፤ ቆይታ ዐይኗን ሰበረች። «ምነው ዝም አልሽኝ?»

እማዋይሽ ደብተሩን አሳየቻት። አበቡ ፊደል አልቆጠረችም።

በዚያ ሳምንት በአበቡ ዐይን እንቅልፍ የሚባል አልዞረም። ክፍሉ ጸጥ አለ። እማዋይሽ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ዘግታ፣ ትንፋሽ ሳይቆምባት፣ እንደ ሕፃን ተኝታለች። እናቷ ግን ጸጥታ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከሃያ ዓመት ልምድ ታውቃለች። እየተነሣች ትነቀንቃታለች። እማዋይሽ ትነቃለች፣ እጇን አንሥታ «ደኅና ነኝ» የሚል ምልክት ትሰጣለች፣ ትተኛለች፤ ጸጥ ይላል፤ አበቡ እንደገና ትነቀንቃታለች። በሦስተኛው ቀን አበቡ ነጠላዋን ለብሳ ከምሳ በኋላ መቃብሩን ልትሳለም ሄደች። ስትመለስ ፊቷ ፈክቶ ነበር።

«ተኝታለች» አለች ለጎረቤቶቿ። «ታንኮራፋለች። ሁለት ጊዜ ቀጥ ቢልባት መሬቱን ነቅነቅ አደረግሁት፤ ቀጠለች።»

ጎረቤቶቹ ሄደው አዳመጡ። እውነት ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ከባለወፍጮው እጅ አጠገብ፣ አፈሩ ውስጥ የእማዋይሽ ማንኮራፋት ይሰማል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉና ወደየሥራቸው ተመለሱ።

በማግሥቱ ጠዋት አገጩ ሥራ ጀመረ። ልክ በአንድ ሰዓት ተኩል፣ «የመርሳ ተሳፋሪዎች፣ መኪናችሁ ተዘጋጅቷል፤ ስማችሁ ሲጠራ ቅረቡ» አለ፤ በፉጨቱ፣ በድሮው ድምፅ። ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ቀን የመናኸሪያው የስምሪት ኃላፊ አቶ መንበሩ ኤሌክትሪክ ሠሪ ልከው ከመቃብሩ እስከ መናኸሪያው ሽቦ አስዘረጉ፤ ከእንጨት መስቀሉ ሥርም ማይክሮፎን አስቀበሩ። እማዋይሽ ይህን ስትሰማ ፊቷን በሻርፕ ጠቅልላ ቢሯቸው ሄደች። አቤቱታዋን በደብተሩ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፋዋለች። አቶ መንበሩ እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ ጨዋ ሰው ናቸው።

«አንቺ የሕመም ፈቃድ ላይ ነሽ» አሏት። «እሱ አንድ ቀን አልቀረም።»

«እሱ የእኔ ነው!» ብላ ጻፈች።

«የማን መሆኑን የሰው ኃይል ክፍል ያጣራል። ደንበኛው ደግሞ ድምፁን ለምዶታል። አንቺ ስትመለሺ በምን ድምፅ እንደምትናገሪ እስካሁን ማንም አያውቅም፤ አንቺም ጭምር።»

በዚህ ጊዜ የሐይቅ መኪና መነሻ ተነገረ። አቶ መንበሩ ጣታቸውን አንሥተው አዳመጡና ራሳቸውን በእርካታ ነቀነቁ። እማዋይሽ በሩን በኃይል ዘግታ ወጣች። ሰው ሲናደድ የሚጮኸው ለካ የሚሰማው እንዲኖር ብቻ አይደለም፤ ሳይጮኹ ሲቀሩ ቁጣው የሚገባበት ያጣል። እስከ ቤቷ ድረስ የመንገዱን ጠጠር እየረገጠች ሄደች።

ሥራው ግን ይቅር ነበር። ያላስተኛት የእናቷ ነገር ነው። አበቡ በየቀኑ መቃብሩ ዘንድ መዋል ጀመረች። አንድ ቀን እማዋይሽ ተከትላት ሄዳ ከግራር ሥር ቆመች። በሁለት መኪና መነሻ መካከል አገጩ ሥራ ሲያጣ ከእናቷ ጋር ያወራል።

«እማዬ» አለ፣ «ሌሊት ሌሊት ስትነቀንቂኝ እኮ አንድ ቀን አመሰግንሻለሁ ሳልልሽ ቀረሁ።»

«ምን ምስጋና አለው፣ ልጄ።»

«የለም፣ ደክሞሽ ነበር። ዐውቅ ነበር።»

እማዋይሽ ክው አለች። ይህን ልትናገር ያሰበችው እሷ ናት። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ፣ ሽቦው ጥርሷን እየሳበ ሲያሳምማት፣ አፌ ተስተካክሎ ሲከፈት መጀመሪያ የምናገረው ይህን ነው ስትል ቃል በቃል አዘጋጅታዋለች። ሦስት ስንጣቂ አጥንት ሰርቆ ተናገረባት። በዚህ ዓለም ላይ የሚያናድድ ነገር ብዙ ነው፤ ሰው ለእናቱ ያስቀመጠውን ቃል የገዛ አጥንቱ ቀድሞት ሲናገር ከመስማት የከፋ ግን እማዋይሽ አታውቅም።

ከዚያ አገጩ፣ «እማዬ፣ ርቦኛል» አለ።

አበቡ በሳህን ሾርባ ይዛ ነበር። አፈሩ ላይ አፈሰሰችው። አፈሩ ጠጣው እንጂ አገጩ አልበላም፤ አገጭ ብቻውን በምን ይበላል? «ርቦኛል» ሲል ደገመ። አበቡ ባዶውን ሳህን ይዛ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷም እህል አልቀምስ አለች፤ ልጇ ሳትበላ እንዴት ትብላ?

እማዋይሽ ወደ ጋሽ አሳምነው ሄደች። ሌላውን ሁሉ ትታ አንድ ነገር ብቻ ጻፈች፤ «ለእናቴ ይንገሩልኝ። ልጅሽ እቤትሽ ናት፣ የተቀበረው ሦስት ስንጣቂ አጥንት ነው ይበሏት። የእርስዎን ቃል ታምናለች።»

ጋሽ አሳምነው መነጽራቸውን አደረጉ፣ አነበቡ፣ አወለቁ።

«ልጄ፣ ይህን ብናገር ዕድሩ ያልሞተ ሰው ቀበረ ማለት ይሆናል። ዕድሩ ከተቋቋመ ጀምሮ እንዲህ ያለ ስሕተት ሠርቶ አያውቅም።»

«አሁን ሠራ።»

«አንቺ ደግሞ ወጣት ነሽ፣ ይቸኩልሻል። አፍሽ የሚፈታው መቼ ነው?»

ቀኑን ጻፈችላቸው። የቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳው አውርደው በጣታቸው ቆጠሩ።

«ከአርባው ጋር ገጠመ። እንግዲህ ተዝካሩ ላይ ራስሽ ትነግሪያታለሽ። እናት የልጇን ድምፅ አትስትም።»

ይህ ቃል ልቧ ውስጥ ገባ። እናት የልጇን ድምፅ አትስትም። እማዋይሽ ቀኑን ትቆጥር ጀመር። በቤት ውስጥ ግን በየሳምንቱ አንድ ነገር ይጎድላል። በሁለተኛው ሳምንት አበቡ በስሟ መጥራቷን ተወች፤ «አንቺ ልጅ» ትላት ጀመር። በሦስተኛው የሾርባዋን ኩባያ ለእንግዳ ከሚወጣው ሸክላ መርጣ አቀረበችላት። በአራተኛው «አልጋው ተመችቶሻል? የልጄ አልጋ ነው» አለቻት። በአምስተኛው በር ማንኳኳት ጀመረች፤ ወደ ራሷ መኝታ ቤት ስትገባ ታንኳኳለች። እማዋይሽ በየጊዜው ደብተሩን ታነሣና መልሳ ታስቀምጠዋለች። እብጠቱ በየቀኑ ይቀንሳል። በመስተዋት ውስጥ በየቀኑ አንዲት የማታውቃት፣ አገጯ ልክ የሆነ ሴት እየቀረበች ትመጣለች። ወደደቻት። ይህን ለማንም አልደበቀችም፤ ያልተናገረችው ማንም ስላልጠየቃት ነው።

በአርባው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዶክተር ወይንሸት ላስቲኮቹን አንድ በአንድ ቆረጠች።

«ክፈቺ።»

አፏ ሁለት ጣት ያህል ተከፈተ።

«ግጠሚ።»

ላይና ታች የፊት ጥርሶቿ ተገናኙ። ቀጭ የሚል ትንሽ ድምፅ ሰማች፤ በሠላሳ አንድ ዓመቷ ይህን ድምፅ የሰማችው ገና ዛሬ ነው። ሐኪሟ ደስ አላት።

«በይ አንድ ነገር ተናገሪ።»

እማዋይሽ ራሷን ነቀነቀች። የመጀመሪያው ቃል የእናቷ ነው።

«እሺ፣ በኋላ ትናገሪያለሽ። ምግብ ለስላሳ ብቻ። ዳቦ ገና ነው፣ አደራሽን።»

ከሆስፒታሉ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደች። ካህናቱ ጸሎታቸውን ጨርሰው ለተዝካሩ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል። የዕድሩ ሴቶች ድፎ ዳቦ ቆርሰው በሌማት ያዞራሉ። አበቡ ከመቃብሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ከስታለች፤ ትከሻዋ ከነጠላው ሥር እንደ ኮት መስቀያ ወጥቷል። ሰዎች እማዋይሽን ሲያዩ ለእንግዳ እንደሚደረገው ገለል ገለል ብለው አሳለፏት። ከእናቷ ፊት ቆመች። በአፍንጫዋ ጥሩ አድርጋ ተነፈሰች።

«እማዬ» አለች።

ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ፉጨት የለውም፤ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። በዚያው ቅጽበት ከአፈሩ ውስጥ፣ «እማዬ» አለ።

«ወዬ፣ ልጄ» አለች አበቡ ወደ አፈሩ ጎንበስ ብላ። ከዚያ ቀና አለች፣ ከፊቷ የቆመችውን ሴት አየች፣ ነጠላዋን አስተካክላ ከተቀመጠችበት ተነሣች። «ይቅርታ፣ ሳላይዎት ነው። ይቀመጡ። ከሩቅ ነው የመጡት?»

እማዋይሽ «ይቀመጡ» ብትባልም አልተቀመጠችም። እናቷ «አንቱ» የምትላቸው ካህኑንና የማታውቃቸውን ሰዎች ነው።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። እማዋይሽ ነኝ።»

አበቡ በትሕትና ፈገግ አለች። «የልጄ ሞክሼ ነዎታ! እግዜር ያክብርልኝ። ያውቋት ነበር?»

«እኔ ራሴ ነኝ እኮ! ሌሊት ሌሊት ትከሻዬን ይዘሽ ስትነቀንቂኝ ኖረሽ! አባቴ ሲሞት ሁለታችን አንድ ብርድ ልብስ ለብሰን ያደርነውን ረሳሽው? ለማንም እንዳትነግሪ ያልሽኝን፣ የባሻን ፎቶ መስተዋት የሰበርሽው አንቺ መሆንሽን ረሳሽው?»

የአበቡ ዐይኖች እንባ ሞሉ። የእማዋይሽን እጅ ይዛ ሳመችው።

«ሁሉን ነግራዎታለች ማለት ነው» አለች። «እኔ ጓደኛ የላትም ብዬ ስጨነቅ ነበር። ለካ እንዲህ የምትወዳት ጓደኛ ነበረቻት።»

እማዋይሽ ወደ ጋሽ አሳምነው ዞረች። ስድስት ሳምንት የታመቀው ቁጣ አሁን አፍ አግኝቷል።

«ይንገሯት!» ብላ ጮኸች። «እዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይንገሯት! እናት የልጇን ድምፅ አትስትም ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

«አልሳተችም እኮ» አሉ ጋሽ አሳምነው፣ በእርጋታ፣ ወደ አፈሩ እየተመለከቱ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «እንግዳ ጾሙን አይመለስም። ዳቦ ስጧት።»

አንድ ትልቅ ቁራሽ ድፎ ዳቦ እጇ ላይ ተቀመጠ። ድንኳኑ ሁሉ አተኩሮ ያያታል። እነዚህ ሰዎች ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዳቦ በጣቷ ስትቆርስ አይተዋታል። እማዋይሽ የሐኪሟን አደራ ረሳች ማለት አይቻልም፤ አልረሳችም። ዳቦውን በሁለት እጇ ወደ አፏ አነሣችና፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በፊት ጥርሶቿ ገመጠችው።

ጥርሶቿ ተገናኙ። ዳቦው ላይ ንጹሕ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ቀረ።

ልታላምጥ ስትል አፏ ውስጥ ምንም አልነበረም። በምላሷ ፈለገች፤ ባዶ ነው። ከእግሯ ሥር ግን፣ ከአፈሩ ውስጥ፣ የማላመጥ ድምፅ ተሰማ። ቀስ ብሎ፣ በደንብ፣ እንደ ራበው ሰው ያላምጣል። ቀጥሎ ዋጠ። ድምፁ በሽቦው ሄዶ መናኸሪያው ውስጥ ባሉት ማጉያዎች ሁሉ ተሰማ፤ የወልድያ ተሳፋሪዎች ሻንጣቸውን እንደያዙ ቆመው አዳመጡ።

አበቡ በጉልበቷ ወድቃ ጆሮዋን አፈሩ ላይ አደረገች።

«በላች!» አለች። «ልጄ በላች! እሰይ! አርባ ቀን ሙሉ!»

ሴቶቹ እልል አሉ። አበቡ ቀና ብላ፣ ፊቷ ላይ አፈርና እንባ እንደተቀባ፣ የእንግዳዋን ቀሚስ ጫፍ ያዘች።

«እባክዎ፣ እመቤቴ፣ ትንሽ ይድገሙላት።»

እማዋይሽ እናቷን አየቻት። አንድ ቁራሽ ዳቦ ከሌማቱ ላይ አንሥታ በእናቷ መዳፍ አኖረች። «አንቺም ብይ» አለቻት። አበቡ ታዝዛ አፏ ውስጥ ጨመረች፤ ልጇ «ርቦኛል» ካለች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አላመጠች።

ከዚያ እማዋይሽ የራሷን ዳቦ ወደ አፏ አነሣች፣ ገመጠች፣ ቆማም ጠበቀች። ከመሬት ውስጥ ተላመጠ።